ማንም አልነካትም

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ... ንዴቱም እስካሁን አለቀቀኝም።

ዴንማርክ፣ ኤስቢየር ከተማ። እሑድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ። ፀሐይዋ ቦግ ብላለች።

በሰፈራችን የአንድ ሰው ልብ ቀጥ ሲል ስልኬ ይጮኻል። በጎ ፈቃደኛ ነኝ፤ አምቡላንስ እስኪደርስ ሮጬ ደረት እጫናለሁ።

ያን ቀን ጮኸ። አድራሻው የራሴ ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ...

የቶርኪልድ ቤት!

ቶርኪልድ የሕንፃችን ነዋሪዎች ሊቀመንበር ነው። ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳውን ማሽን ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ያሰቀለው እሱ ነው። እሑድ ማጠብ ክልክል ነው ብሎ ክፍሉን የሚቆልፈውም እሱ።

ሦስት ስብሰባ ላይ ተጣልቼዋለሁ።

"እሑድ ሰው አይሞትም ያለህ ማነው?" ስለው ሁሉም ሳቀ።

"ደንብ ደንብ ነው፣ ዶርተ" አለኝ።

በሩ ክፍት ነበር። ሚስቱ ቦዲል ወጥ ቤቱ ወለል ላይ በጀርባዋ ተዘርግታለች። አትተነፍስም። ቶርኪልድ አጠገቧ ቆሟል።

"ደረቷን ተጭነሃል?"

"አልነካኋትም... ፈራሁ።"

"በል ማሽኑን አምጣ!"

"ቁልፉን... የት እንዳስቀመጥኩት..."

"ፈልገው! ሩጥ አንተ ሰውዬ!"

ተንበረከኩ። የሸሚዟ ቁልፎች ተፈተዋል። ደረቷ መሃል ላይ ቀይ የመዳፍ ምልክት አለ...

የቶርኪልድ መዳፍ አካፋ ያክላል። ይሄ ጠባብ ነበር።

ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። ሰላሳ ጊዜ ተጫንኩ፤ አፍንጫዋን ይዤ ሁለት ጊዜ ተነፈስኩላት። እንደገና ሰላሳ። የጎድን አጥንቷ ቀጭ ሲል ተሰማኝ። በእያንዳንዱ ግፊት ቶርኪልድን እሰድበው ነበር።

ማሽኑን ይዞ ሲመለስ ዘጠኝ ደቂቃ አልፏል።

ዘጠኝ ደቂቃ! ለአንድ ቁልፍ!

ሁለቱን ማጣበቂያዎች ደረቷ ላይ ለጠፍኩና እጄን አነሳሁ።

"የልብ ምት እየተመረመረ ነው" አለ ማሽኑ። "በሽተኛውን አትንኩ።"

ጠበቅን...

"እንቅስቃሴ አለ። በሽተኛውን አትንኩ።"

"ማንም አልነካትም!" ብዬ ጮኽኩ።

"እንቅስቃሴ አለ። በሽተኛውን አትንኩ።"

"ዶርተ..." አለኝ ቶርኪልድ በሹክሹክታ። "እጅሽን አንሺ።"

"አንስቻለሁ! አታይም እንዴ?"

"ታዲያ አፍንጫዋን... ማነው የያዘው?"

አየሁ።

የአፍንጫዋ ቀዳዳዎች ተጣብቀዋል። ግራና ቀኝ በጣት የተቆነጠጠ ሰው ነው የምትመስለው።

መፍራት ሲገባኝ ነደደኝ።

"ልቀቃት!" አልኩ ለባዶው አየር። "ማሽኑ ይሥራ፣ ልቀቃት!"

ማሽኑ ግን እንቅስቃሴ አለ እያለ አንዴም ኤሌክትሪክ ሳይለቅ ቀረ። በእጄ መጫኔን ቀጠልኩ። የአምቡላንስ ሰዎች ደርሰው ግማሽ ሰዓት ታገሉ... ከዚያ ሰዓታቸውን አይተው ቆሙ።

ቦዲል ሞተች።

ነጭ አንሶላ አለበሷትና ስልክ ሊደውሉ ወደ ኮሪደሩ ወጡ።

"እሑድ ባይሆን ኖሮ..." ብሎ ጀመረ ቶርኪልድ።

"ዝም በል! የገደላት ያንተ ቁልፍ ነው!"

ወለሉን አፍጥጦ ያያል። እኔም ዞርኩ።

አንሶላው ደረቷ ላይ ወደ ውስጥ ሰመጠ። ተመለሰ። ሰመጠ...

አጠገቧ ማንም የለም።

ሳላውቀው እቆጥር ነበር። ሰላሳ ላይ ቆመ።

ከዚያ አፏ ላይ ያለው ጨርቅ ወደ ታች ተጫነ... ደረቷም ሁለት ጊዜ፣ በቀስታ፣ ተነፋ።