ሳይታጠፍ የቀረው አውሮፕላን

«ልጄ ከግድግዳው ወዲያ እንዲያ ሲቀጠቀጥ እኔ እንዴት ሳልሰማ ቀረሁ?» አያትየዋ የፖሊስ መርማሪዋን ደጋግመው ጠየቋት።

ልጃቸው ካፒቴኑ፣ ቤቱ ውስጥ ባሠራው የበረራ መለማመጃ ክፍል፣ ከአስተማሪው ወንበር ላይ በደረቱ ተደፍቷል። የራስ ቅሉ ተሰንጥቆ ደሙ እስክሪኑ ላይ ተረጭቷል። የተመታበት የእሳት ማጥፊያ ከእግሩ ሥር ወድቋል። ድምፅ ማጉያው አሁንም እንደ ሞተር ያጓራል። መርማሪዋ ስታጠፋው ቤቱ ጭር አለ።

ሳሎን ውስጥ የካፒቴኑ ልጅ የእህቱን ባል አንቆ ከግድግዳው ጋር አጣብቆታል። የአማቹ ከንፈር ተተርትሯል።

«አባቴን ገደለው! ሸሚዙ ላይ ያለውን ደም እዩ!»

«ሳነሳው ነው የነካኝ» አለ አማቹ እያቃሰተ።

«ለምን? አባቴን ለምን?» ሚስቱ ጮኸችበት።

«ልቀቀው» አለች መርማሪዋ። «ቃሉን ሳልቀበል ጥርሱን አትጨርስብኝ።»

«የኔ አባት፣ ኧረ እጅህን ሰብስብ!» አሉ አያት የልጅ ልጃቸውን እየጎተቱ።

«ዛሬ አባትህ ጋ ገብተህ ነበር?» አለችው መርማሪዋ ልጅየውን።

«እኔ? መኝታዬ ላይ ነበርኩ። በሩንም አልነካሁ።»

መርማሪዋ እንደ ልጅየው አብራሪ ወደሆነው አማቹ ዞረች። «ማረፍ አልሆን ብሎህ መልሰህ ስትነሳ፣ አውሮፕላኑን ማን ያጥፈዋል?»

«ኤልናቭ የሚባል ቁልፍ አለ፤ እጫነዋለሁ። ያን ጊዜ በራሱ የሚያበረው አውቶፓይለት የተሰመረለትን መንገድ ይይዛል። ካልተጫንኩት ፊት ለፊት ነው የሚነጉደው።»

«አሮጌ ጋሪ ስለሚያበር ነው» አለ ልጅየው። «የኔ አዲስ ነው። መልሶ የሚያስነሳውን ቁልፍ ብቻ ልንካ እንጂ መስመሩን ራሱ ይይዛል።»

መርማሪዋ ሁሉንም ወደ መለማመጃው በር ጠራቻቸው። ደሙን ከእስክሪኑ ላይ ጠረገችው። በምስሉ ውስጥ አውሮፕላኑ ተራራ ላይ ተከስክሷል።

«እዩ። አብራሪው ማረፉን ትቶ ተነስቷል። ጎማውን አስገብቷል፣ የክንፉንም መዘርጊያ ሰብስቧል። የኤልናቭ መብራት ግን አልበራም፤ ሳይታጠፍ ሄዶ ተራራውን ገጨው። ይህ መለማመጃ ደግሞ በአሮጌው አውሮፕላን አምሳል የተሠራ ነው።»

«አባቴ ሊጫነው ሲል ተመትቶ ይሆናላ!»

«የወደቀው ከአስተማሪው ወንበር ነው። ያበር የነበረው ሌላ ሰው ነው። አማችህ ያንን ቁልፍ ተኝቶም አይረሳውም። ራሱ ይታጠፋል ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅ፣ እዚህ ቤት ውስጥ አንተ ብቻ ነህ።»

ልጅየው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ሳቀብኝ! ‹ተሳፋሪውን ሁሉ ፈጀህ፤ ነገ ከበረራ አስወርድሃለሁ› አለኝ። አንዴ ነበር ልመታው ያሰብኩት… እጄ አልቆም አለኝ።»

ካቴናው ሲቆለፍ አያት ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። ቀጥሎም መሐረባቸውን አውጥተው ወደ አማቹ አዘገሙ።

«ልጄ፣ ከንፈርህን ልጥረግልህ። እንዲህ እየደማህ የት ትሄዳለህ? ብርዱም አይጣል ነው።»

ሚስቱ እጅጌውን ያዘችው። እጇን ቀስ ብሎ አላቀቀ፤ ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አነሳና ከቤቱ ወጣ።