ሁለተኛው ሸሚዝ

ኦርቪል ክሪል ሲሞት ተጨበጨበለት። ሆሊዉድ ውስጥ እንደ እሱ መሞት የሚችልበት አልነበረም፤ በየፊልሙ እየተተኮሰ፣ እየተሰቀለ፣ እየሰጠመ እንጀራውን የበላ ሰው ነው። ያን ቀን ጠዋትም በመጠጥ ቤቱ ትዕይንት ከብርጭቆው ተጎንጭቶ፣ ጉሮሮውን ይዞ ሲወድቅ «ወይ ኦርቪል!» እያሉ አጨበጨቡለት። ጭብጨባው የከሰመው ካሜራው ቆሞም ሳይነሳ ሲቀር ነው።

መርማሪ ዴላኒ ሲደርስ ሬሳው በመጋረጃ ጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። ብርጭቆውን አሸተተ። በውስኪ ፈንታ የሚቀዳው ቀዝቃዛ ሻይ ሳይናይድ የሚባለውን መርዝ ይሸታል።

«ሻዩን ማን አፈላ?»

«ሚስቱ ናት» አለ ዳይሬክተሩ ሌስተር ሃርግሬቭ። «የአልባሳት ክፍሉ ኃላፊ፣ ዊልማ። ትናንት ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ።»

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ካቴናውን አወጣ። ዴላኒ በእጁ ምልክት አስቆመውና ወደ አልባሳት ክፍሉ ገባ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ ያፈላሁት» አለች ዊልማ። «ጠረጴዛው ላይ ነው ያስቀመጥኩት፤ የማያልፍበት የለም።»

«ትናንትስ ምን አጨቃጨቃችሁ?»

«ድምፅ ያለው ፊልም መጣ፣ እንግዲህ ይብቃህ አልኩት። ‹አንድ ቀን ካሜራው ወደ ፊቴ ይቀርባል› አለኝ፣ ሞኙ! ዕድሜ ልኩን የሞተው ከሩቅ ነው። ቅርቡ ለቆንጆዎቹ ነዋ።»

ከኋላዋ ሟች ከለበሰው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ነጭ ሸሚዝ ተተኩሶ ተሰቅሏል።

«ይህስ?»

«የሁለተኛው ቀረጻ ነው። ሲወድቅ ሻዩ ይፈስበታላ! ሃርግሬቭ ደግሞ አንድን ሞት ሳይደግም መቼ ይለቃል?»

ካሜራማኑ ኒልስ ካሜራው አጠገብ ቆሞ ነበር።

«ዛሬ ካሜራው የት ነበር?»

«አፍንጫው ሥር! ሁልጊዜ ከሩቅ ነው የምንጀምረው። ‹አለቃ፣ በኦርቪል ፍቅር ያዘህ እንዴ?› ብዬ ሃርግሬቭ ላይ ቀለድኩ። ‹አንተ የካሜራውን እጀታ አዙር፤ ምንም ቢሆን እንዳታቆም› አለኝ።»

«ይህን ያለህ መቼ ነው?»

«ኦርቪል ብርጭቆውን ሳያነሳ።»

ዴላኒ ሁሉንም በሐሰተኛው መጠጥ ቤት ሰበሰባቸው።

«ባሏን ልትገድል ያሰበች ሴት ለሁለተኛው ቀረጻ ሸሚዝ አትተኩስም» አለ። «ወይዘሮ ዊልማ ይነሳል ብላ ነበር። አንድ ሰው ግን እንደማይነሳ ያውቅ ነበር። ከሩቅ ጀምሮ የሚደጋግመው ዳይሬክተር ዛሬ ከቅርብ ጀመረ፤ የሚደግመው እንደሌለ አውቋላ። ‹ምንም ቢሆን› ያለውም ምን እንደሚሆን ስላወቀ ነው። ሳይናይድ ደግሞ ፊልም ከሚታጠብበት ክፍል አይጠፋም። አቶ ሃርግሬቭ፣ የክፍሉ ቁልፍ ኪስዎ ውስጥ ይሆን?»

ሃርግሬቭ ቁልፉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«የመጨረሻው ድምፅ አልባ ፊልሜ ነበር፤ አንድ እውነተኛ ሞት እንዲኖረው ፈለግሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ከእንግዲህ እኔን የሚፈልግ የለም፤ እሱንም የሚፈልገው አልነበረም። የለመነኝን ሰጠሁት። ፊቱን አቀረብኩለት።»

ሲወስዱት ዊልማ ወደ ኒልስ ዞረች።

«ፊቱ ይታያል?»

«ሙሉ በሙሉ። መጨረሻ ላይ ሌንሱን ቀጥ ብሎ አየው። ተዋናይ ሌንስ አያይም፤ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር። ለካ እየለመነን ነው፣ ዊልማ። እኔ ግን እጀታውን አዞር ነበር።»

ዊልማ ወደ ክፍሏ ተመልሳ ሸሚዙን አወረደች፤ የተተኮሰውን እንደገና ተኮሰችው።

«በዚህ ይቀበር» አለች። «ይሄኛውን ሸሚዝ ሻይ አልነካውም።»