የእማማ ሂራ የጠዋት ጁስ

ምሩናል ወተት ለመቀበል ወደ በሩ ዞር ስትል፣ ቫትሳል ከደብተር ቦርሳው በላስቲክ የተጠቀለለ ቀይ ሥር አወጣና ሁለት ቁራጭ የጁስ መፍጫው ውስጥ ጣል አደረገ። ሮማኑ፣ ሙዙና ቴምሩ ቀድመው ገብተዋል። ምንም እንደማያውቅ ሰው ጣሪያውን እያየ ቆመ። ምሩናል ተመለሰች፣ እርጎ ጨመረችበት፣ ክዳኑን ገጥማ ቁልፉን ተጫነች። መፍጫው አጓርቶ ሁሉንም አንድ ዓይነት ቀይ አደረገው።

በዚያ ቤት ቀይ ሥር ማስገባት በሌላ ሰው ቤት እባብ እንደ ማስገባት ነው። አያቱ እማማ ሂራ ጃይን ናቸው፣ ነፍስ ያለውን ሁሉ መጉዳት ከሚከለክለው የሕንድ እምነት፤ ያውም የጃይኖች ጃይን። ከዘጠኝ ዓመታቸው ጀምሮ፣ ስልሳ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ከመሬት ተነቅሎ የሚወጣ ነገር በከንፈራቸው አላለፈም። ድንች የለም፣ ሽንኩርት የለም፣ ካሮት የለም። «ሥሩን ስትነቅል ተክሉን ገደልክ፤ አፈሩ ውስጥ የሚኖረውንም አብረህ ጨረስክ» ይላሉ።

ነገሩ የተጀመረው በአፍ ነው። የቫትሳል ወሬ በኪሎ ቢመዘን የሕንፃው ሊፍት አይችለውም። ክፍል ውስጥ ለጓደኛው ለቲርት፣ «አያቴ ሦስት ሰፈር ማዶ ሽንኩርት ሲከተፍ ይሸታቸዋል። አንድ ቀን አውቶቡስ ላይ ሆነው የሹፌሩ ምሳ ውስጥ ድንች አለ ብለው አውቶቡሱን አስቁመዋል» አለው።

«እና ነበረ?»

«ሁለት።»

«ሂድ ወደዚያ፣ ቀዳዳ። እስቲ አንድ ቀን አፍንጫቸውን እንፈትነው» አለ ቲርት። የተሸነፈ የአሸናፊውን ቦርሳ አንድ ወር ሊሸከም ተወራረዱ።

ምሩናል የታላቅ ወንድሙ የካልፔሽ ሚስት ናት። ከናግፑር ነው የመጣችው፤ ዓሣ ከሚበላ ቤት። ካልፔሽ ሙምባይ እየሠራ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ስለሚመጣ፣ ሌላውን ቀን ከአማቷ ከዳክሻ ጋር ትውላለች። ዳክሻ አጠገቧ ባለፈች ቁጥር አፍንጫዋን ትነካለች። «የዓሣ ሽታ በአንድ ዓመት ሳሙና አይለቅም» ትላለች፣ ለግድግዳው እንደምትናገር ሁሉ።

ጁሱን ያመጣችው ምሩናል ናት። የእማማ ሂራ ደም አንሷል፣ ቁርስ እምቢ ብለዋል። የመጀመሪያ ቀን ማር ጠብ አደረገችበት። «ንብ ዘርፈሽ ነው የምታጠጪኝ?» ብለው ብርጭቆውን ገፉት። በሁለተኛው ቀን ማሩን ተወችው፣ ግን ቸኮለች። እማማ ሂራ ፀሐይ ከወጣች አርባ ስምንት ደቂቃ ሳይሞላ ውሃ እንኳ አይቀምሱም፤ ስድስት ደቂቃ ይቀር ነበር። በሦስተኛው ቀን ሰዓቱን እያየች ኩሽናው በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ጠጡላት። አላመሰገኑም፤ ከዚያ በኋላ ግን በየጠዋቱ ይጠጡላት ነበር።

ዛሬም ሰዓቱ ሲደርስ ብርጭቆውን አቀረበች። ቫትሳል የአያቱን አፍንጫ እያየ ተቀመጠ። እማማ ሂራ አንዴ ጎንጨት አሉ። ደገሙ።

«ምን ጨመርሽበት?»

ምሩናል ደነገጠች። «ሮማን ነው እማማ። ሮማኑን አበዛሁት።»

«ገና ዛሬ እጅሽ ጣፈጠ» አሉ እማማ ሂራ።

ምሩናል ወደ ኩሽና ገብታ ፊቷን በፎጣ ሸፈነች። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው በዚያ ቤት ደግ ቃል የሰማችው። ቫትሳል ይህን በበሩ ስንጥቅ አይቶ ሳቁን ሊያፍን ከንፈሩን ነከሰ። ውርርዱን ተሸነፈ፤ ግን እንዲህ ያለ ትርኢት እያለ ማን ያቆማል? በማግስቱ ሦስት ቁራጭ አደረገው። ከዚያ አራት። ክፍል ውስጥ ቲርትና ሌሎቹ ሆዳቸውን ይዘው እስኪስቁ ድረስ የአያቱን አጠጣጥ ያሳያቸው ነበር።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት ቀጭን ድምፅ ተሰማ። «ዳክሻ። ደም ነው።»

ሐኪም ቤት ይዘዋቸው ሄዱ። ሐኪሙ ውጤቱን አገላብጦ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «የኔ እናት፣ ደም አይደለም። ቀይ ሥር ሲበዛ አንዳንድ ሰው ሽንቱን እንዲህ ያቀላዋል። ጤናማ ነገር ነው፣ ይቀጥሉበት።»

«ደም ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አሉ እማማ ሂራ።

ቤት ሲገቡ ዳክሻ የጁስ መፍጫውን ከነገመዱ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተችው።

«እኔ አይደለሁም» አለች ምሩናል።

«የምትፈጪው አንቺ፣ የምታቀርቢው አንቺ። ቀይ ሥሩ በእግሩ መጣ?»

«እማማ ሙተው፣ እኔ አላደረኩም።»

«እሳቸውን መግደሉ አነሰሽና ደግሞ ትምይባቸዋለሽ?»

እማማ ሂራ አልጋቸው ላይ ሆነው እጃቸውን አነሡ። «ከዛሬ ጀምሮ የፈላ ውሃ ብቻ ነው የምጠጣው። ይህን ያደረገ ሰው በገዛ አፉ እስኪነግረኝ ድረስ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ማስፈራሪያ ነው ይባል ነበር። እማማ ሂራ ግን ስምንት ቀን ጾመው ደረጃ የወጡ ሴትዮ ናቸው፤ ያኔ ግን ደም ነበራቸው። ዳክሻ ለምሩናል አንድ ሳህንና አንድ ኩባያ ለየች፤ እንዳይቀላቀሉ በምስማር ጭራ ምልክት አደረገችባቸው። ምሩናል ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰገነት ላይ፣ ልብስ ማስጫው ሥር ቁጭ ብላ መብላት ጀመረች። ቫትሳል ሲያልፍ ታየዋለች። ከዚያ ወደ ሳህኗ ታቀረቅራለች።

በሦስተኛው የጾም ቀን እማማ ሂራ ሊነሡ ሲሉ ጉልበታቸው ከዳቸው። ቫትሳል እናቱን ኩሽና ውስጥ አገኛት።

«እማዬ፣ ቀይ ሥሩን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

ዳክሻ ቂጣ ማገላበጧን አላቆመችም። «አውቃለሁ። ቦርሳህን ያጠብኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? ውስጡ እስከ ስፌቱ ቀልቶ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተ እዚህ ቤት ዕድሜ ልክህን ትኖራለህ። እሷ እንግዳ ናት፣ ወደ መጣችበት ትመለሳለች። ወንድምህ አንድ ወር ያለቅስና ከኛው ሰው ያገባል።» ሁለት ትኩስ ቂጣ ሳህኑ ላይ አደረገችለት። «ብላ። አፍህንም ዝጋ።»

በላ። ጣፈጠውም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ምሩናል ሳትጠራ ወደ እማማ ሂራ ክፍል ገባች። ቫትሳል በሩ ጋ ነበር። ወለሉ ላይ ስትንበረከክ አየ።

«እኔ ነኝ ያደረኩት እማማ። ይማሩኝና ይብሉ።»

እማማ ሂራ ዓይናቸውን ገለጡ። «ለምን አደረግሽው?»

«እንዲያው» አለች ምሩናል።

«እንዲያው።» እማማ ሂራ ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ማታ ባልሽ ሲመጣ ንገሪው። ከዚያ ሂጂ። እኔ ነገ ጠዋት እበላለሁ።»

ምሩናል ወጥታ ሻንጣ ስታወርድ ተሰማ። ቫትሳል ገባ።

«እማማ፣ ውሸቷን ነው። እኔ ነኝ።»

አያቱ ሳይዞሩ፣ «ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤታችሁ ጣሪያ ላይ ግመል ወጣ አላልከኝም?» አሉ።

«ብያለሁ።»

«ወጣ?»

«አልወጣም።»

«እንግዲያው ሂድ። አዝነህላት ነው። ማዘንህ ደግ ነው፤ ግን አፍህን አላምነውም።»

ቫትሳል መማል ፈለገ። ከዚያ ስንት ጊዜ በውሸት እንደማለ ትዝ አለው። በሕይወቱ ሲናገር ያላማረለት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም እውነት የተናገረ ቀን።

ዳክሻ እራት አቀረበች። በዚያ ቤት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አይበላም፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ቀርቷል። የጥሬ ሙዝ ጥብስ ነበር፣ እሱ የሚሞትለት። ቫትሳል ሳህኑን አንሥቶ ወደ አያቱ ክፍል ወሰደውና በመካከላቸው ወለሉ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ።

«ምን ሆነሃል? ፀሐይ ልትጠልቅ ነው» አለች ዳክሻ ከበሩ።

እጁን ወደ ሳህኑ አልዘረጋም። እማማ ሂራ ወደሱ ዞሩ። ይህ ልጅ አምና በክረምቱ የጾም ቀን፣ እስከ ምሳ እንኳ መድረስ አቅቶት አልጋ ሥር ተደብቆ ቂጣ ሲበላ የተያዘ ልጅ ነው። ጥብሱ ይሸታል። ሆዱ ጮኸ፤ ሁለቱም ሰሙት። ብርሃኑ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ጣሪያው ወጣና ጠፋ።

«ነገም አልበላም» አለ ቫትሳል። «ከነገ ወዲያም። ጾሙ የእኔ ነው እማማ። እርስዎ ይብሉ።»

አያቱ ሳህኑን አዩ። ከዚያ እሱን አዩት።

«ከማን ገዛኸው?»

«ከሐዲዱ ማዶ ጋሪ ከሚገፋው ሰውዬ።»

«ስንት ቀን?»

«አራት።» ምንም አልጨመረበትም።

«ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ?»

ከጀርባው የእናቱ አምባሮች ሲንቀሳቀሱ ሰማ፤ ከዚያ ጸጥ አሉ። ከወዲያኛው ክፍል የሻንጣ ዚፕ ይዘጋል። ቫትሳል ወደ በሩ አልዞረም።

«አለ፣ እማማ» አለ።