የግራናይቱ ሌላኛው ጫፍ

ሹፌሩ የሞተው ለሚስቱ ስጦታ ሲሠራ ነው። በአዲሱ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተንጋሎ፣ ካቢኔው ላይ ሊገጥመው የነበረው ጥቁር ግራናይት ደረቱን ተጭኖት ተገኘ። ድንጋዩ ለዕቃ ማጠቢያው በተቀደደለት ስስ ቦታ ላይ ለሁለት ተሰብሯል። ውሃ ልኩ አሁንም ካቢኔው ላይ ነው።

መርማሪዋ ጎንበስ አለች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ናት፣ ደግሞም የያዘችውን ሳትበሳ አትመለስም። በካቢኔዎቹ ጠርዝ ላይ ማጣበቂያው ሲሊኮን ተቀብቷል። ሟቹ ከወደቀበት ርቆ፣ በግድግዳው በኩል ባለው ጫፍ፣ የሰው አውራ ጣት ሲሊኮኑ ውስጥ ሰርጎ የወጣበት ምልክት ይታያል። የሟቹ እጅ ግን ንጹሕ ነበር።

«ባለሙያ ጥራ ብዬው ነበር» አለች ሚስቱ፣ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ። «“በእጄ ካልሠራሁትማ ምኑን ስጦታ ሆነ?” አለኝ። መኪናውን ወደ ግቢ ሲያስገባ ከኋላ ቆሜ “ና… ና… በቃ!” የምለው እኔ ነኝ። በቃ ካልኩት ንቅንቅ አይልም። ዛሬ አጠገቡ ብሆንለት ኖሮ…» ልቅሶው ቀሪውን ዋጠው።

«ጠላት ነበረው?»

«ኧረ የለውም። ታናሽ ወንድሙ ብቻ ከእናታቸው ቀብር ወዲህ አኩርፎታል።»

ቀጥሎ ያለው ቤት የአንድ ጡረተኛ ነው። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ተደግፈው በሩን ከፈቱ።

«ድንጋይ ሲቆርጥ አቧራው ሳንባዬን ጨረሰው። “ይሄ ድንጋይ ይብላህ” ማለቴን አልክድም። ምነው አፌን በቆረጠው!»

«የሰሙት ነገር አለ፣ ጋሼ?»

«“በቃ!” ብሎ ሲጮህ ሰማሁ። ወዲያው ቤቱ ተናወጠ።»

«በቁጣ ነው የጮኸው?»

«ሰው ሲጣላ እንዲያ አይደል የሚለው?»

ታናሽ ወንድሙ ልብስ ሰፊ ነው። መርማሪዋ ስትደርስ ለሐዘን የሚሆን ጥቁር ጨርቅ ይለካ ነበር።

«መርዶው ደርሶኛል» አለ ቀና ብሎ ሳያያት። «እዚያ ቤት ደጁን ከረገጥኩ ግን ቆየሁ። እስቲ ይቺን ጫፍ ይያዙልኝ።»

ያዘችለት። በጠመኔ አሰመረና «በቃ» አለ። እሷ እንደያዘች ቀረች።

«በቃ ካልኩ ይልቀቁት እንጂ!»

ለቀቀችው። አውራ ጣቱ ጥፍር ሥር፣ በደረቀ ነጭ ነገር ላይ፣ የጨርቅ ብናኝ ተለጥፎ አየች።

አመሻሽ ላይ ሦስቱንም ወጥ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ይህን ድንጋይ ብቻውን የሚያነሳ ሰው የለም» ብላ ጀመረች። «ሌላኛውን ጫፍ የያዘ ሰው ነበር። ጋሼ ያለ ምርኩዝ አይቆሙም። እርስዎም» አለች ወደ ሚስትየዋ ዞራ፣ «ሥራ ላይ እንደነበሩ አረጋግጫለሁ። የያዘው ሰው ሲሊኮን ነክቶታል፤ ሲሊኮን ደግሞ በውሃና በሳሙና አይለቅም።»

ታናሽየው እጁን ኪሱ ከተተ። ሚስትየዋ አየችው።

«አንተ ነህ? የገዛ ወንድምህን?»

«ይቆዩ» አለች መርማሪዋ። «የተጣላ ሰው አብሮ ድንጋይ አያነሳም። የእሱ ጫፍ ካቢኔው ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረውም፤ የሟቹ ጫፍ ገና አየር ላይ ነው። የሆነ ነገር ልክ አልመጣለትም፣ ሟቹ “በቃ!” አለ። ለሹፌር በቃ ማለት ባለህበት ቁም፣ ንቅንቅ አትበል ማለት ነው። ለልብስ ሰፊ ግን…»

«ልቀቅ ማለት ነው» አለ ታናሽየው።

ሽማግሌው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«ጠዋት ደወለልኝ» አለ ታናሽየው። «“ና ድንጋይ አንሳልኝ፣ ካንተ ሌላ ሰው አላምንም” አለኝ። ስለ ጠባችን አንዲት ቃል አላነሳንም፤ ይኸው ነበር ዕርቃችን። በቃ ሲል ለቀቅኩ። ላነሳለት ታገልኩ፣ ብቻዬን አልሆን አለኝ። የተኳረፈ ወንድም ነው፣ ገደለው ይሉኛል ብዬ ሮጥኩ።»

«ነፍሱ እያለች ነው ጥለኸው የሮጥከው?» አለች ሚስትየዋ።

«አይደለም እህቴ። እስክትወጣ ድረስ እጁን ይዤው ነበር።»

እግሯ ላይ ወደቀ፣ የቀሚሷንም ጫፍ ጨምድዶ ያዘ። መርማሪዋ ካቴናውን ከኪሷ ሳታወጣ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሚስትየዋ የተሰበረውን ስጦታዋን ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆየች። ከዚያ እንባዋ እየወረደ እጇን ራሱ ላይ አሳረፈች።

«በቃ» አለችው።

አሁን ግን አልለቀቀም።