ዘጠኝ ዓመት የዘገየው ኮምፒውተር

ሳጅኑ ምርመራውን የጨረሰው ሳይጀምረው ነበር። መርማሪዋ ሰኞ ረፋድ ላይ የመነጽር መስታወት ከሚቆረጥበት ድርጅት ስትደርስ፣ ቅጹን ሞልቶና ፈርሞ በኪሱ እንደሸጎጠ በሩ ላይ ጠበቃት።

«ራሱን አጥፍቷል» አላት። «ደብዳቤም ትቷል። እርስዎን ማድከም አልነበረብንም፤ እህቱ ናት አላምንም ብላ አለቆቻችን ዘንድ የሄደችው።»

«አስከሬኑ ስንት ሰዓት ተገኘ?»

«ሁለት ሰዓት ላይ።»

«ቅጹንስ ስንት ሰዓት ሞላኸው?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል።»

«ሰው ጫማ ሲገዛ እንኳ ከዚያ በላይ ያስባል» አለችና አልፋው ገባች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ሳጅኑ ግን ማፍሰሱንም ገና አላወቀም።

መርማሪዋ ሃምሳውን ያለፈች፣ አጭር፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ሌባ አትንቅም፤ ሌባ ቢያንስ የሚፈልገውን ያውቃል ትላለች። የምትንቀው ያላየውን አየሁ የሚል ሰው ነው። በሠላሳ ዓመት ሥራዋ እንዲህ ያለ ሰው አጥታ ስለማታውቅ ንቀቷ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

ሟቹ ከማሽኑ ክፍል ጠረጴዛ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ያረጀውን ኮምፒውተር ከዘመኑ ጋር እያስማማ የሚያኖር እሱ ስለነበር ሠራተኛው ሁሉ «ጠጋኙ» ይለው ነበር። የመነጽሩ አንድ እግር በፕላስተር ታስሯል፤ ለሰው ዓይን መስታወት የሚያስቆርጥ ሰው የራሱን መነጽር ለማሠራት ጊዜ አላገኘም። ከጎኑ ግማሽ የተጠጣ ሻይ አለ፤ መስታወት የሚታጠብበት ኬሚካል ይሸታል። ከፊቱ ባለ ትልቅ ሆድ አሮጌ ስክሪን እንደበራ ነው።

«አዲሱን ሶፍትዌር ከአሮጌው ጋር ማስማማት አልቻልኩም። የደከምኩት ሁሉ ከንቱ ሆነ። ይቅር በሉኝ» ይላል ጽሑፉ። ከጽሑፉ ጎን የመቁረጫው ፕሮግራም ትንሽ ሳጥን አውጥቷል፦ የአገልግሎት ጊዜው ስላለፈ ተቆልፏል።

«እንግዲህ ሰውየውም ፕሮግራሙም ባንድ ቀን ሄዱ» አለ ሳጅኑ ፈገግ ብሎ።

ዞራ አየችው። ፈገግታውን ዋጠው። ደብዳቤው የተጻፈው እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ እንደሆነ ኮምፒውተሩ ያሳያል፤ ቀኑም ወሩም ዓመቱም ልክ ነው። ይህን በማስታወሻዋ ጻፈችና ወደ ውጭ ወጣች።

የሟቹ እህት ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፤ ጠና ያለች ሴት ናት። መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ያሳደግኩት እኔ ነኝ» አለች እህቱ። «እናታችን ስትሞት ስድስት ዓመቱ ነበር። መሞቱን እችለዋለሁ፤ ሟች ሁሉ ይሞታል። በገዛ እጁ ሞተ ተብሎ መቀበሩን ግን አልችለውም። እኔ የምለምንሽ ይህን ብቻ ነው፣ የኔ እህት፤ ስሙን አንጺልኝ።»

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ተነጋገራችሁ፣ እትዬ?»

«ቅዳሜ ደወለልኝ። ‹ተሳካ፤ ሰኞ ባለሱቆቹ ሁሉ ፊት አሳያለሁ› አለኝ። እንደ ልጅነቱ ቃላቱ ይቀዳደሙበት ነበር። ‹ከዚያ በፊት ግን ለአንድ ሰው ላሳየው፤ ሰው ፊት እንዳያፍር› አለ። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ምነው በጠየቅሁት።»

በሩ አልተሰበረም። ቁልፍ ያላቸው ጠጋኙ፣ የድርጅቱ ባለቤትና መስታወት ቆራጯ ናቸው። ከእነሱ ሌላ ሊገባ የሚችለው ጠጋኙ ራሱ የከፈተለት ሰው ብቻ ነው።

ባለቤቱ ቢሮው ውስጥ በስልክ ሲጮህ ነበር። መርማሪዋን ሲያይ ስልኩን ዘጋ።

«ማሽኑን መቼ ነው የምትለቁልኝ?»

«መጀመሪያ ሰውየው ይነሣ።»

«እሱንማ ነፍሱን ይማረው። ግን ችግሬን ይረዱልኝ። ያ ማሽን ከዚያ አሮጌ ኮምፒውተር በቀር ከማንም ጋር አይግባባም፤ የሠራው ፋብሪካ ተዘግቷል። የመነጽር ሱቆቹ ደግሞ አሁን ትእዛዝ የሚልኩት በአዲስ ሶፍትዌር ነው። አዲሱን አሮጌው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ልጫን ቢሉት አሻፈረኝ ይላል። ጠጋኙ በሁለቱ መሃል አስተርጓሚ የሚሆን ፕሮግራም እጽፋለሁ ብሎ ሁለት ዓመት ደከመ። እኔም ለማንኛውም ብዬ አንድ አማካሪ አስጠናሁ። አማካሪው ፈጽሞ አይሆንም፣ ሁሉንም ጣሉት ብሎ ዘገባ ጻፈ። ስለዚህ ሰኞ ባለሱቆቹ ፊት ሁለቱም ይቅረቡ፣ ያፈረው ይፈር አልኩ።»

«ዶሮ የሚያዋጉ ይመስላል።»

«ሥራ ነው» አለ ባለቤቱ። ስድብ መሆኑ እንኳ አልገባውም፤ ትንሽ ኩራት ቢጤ ፊቱ ላይ ታየ።

አስከሬኑን ያገኘችው ቆራጯ ናት። እጅጌዋ ላይ የመስታወት ብናኝ ነጭ ሆኖ ተጣብቋል፤ ዓይኗ አብጧል።

«አልቻልኩም ብሎ ጻፈ ነው የሚሉኝ?» አለች። «ቅዳሜ እኮ ሠርቷል። ከሱቅ የመጣው ትእዛዝ በአዲሱ ሶፍትዌር ገብቶ፣ በእሱ ፕሮግራም አልፎ፣ እኔው ራሴ ሁለት መስታወት ቆረጥኩበት። እኔና እሱ ብቻ ነበርን። ለባለቤቱ እስከ ሰኞ እንዳትነግሪያቸው አለኝ።»

«ማሽኑን ጠዋት የምታስነሺው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። መጀመሪያ ቀኑን ወደኋላ እመልሳለሁ፣ ከዚያ ውሃውን እከፍታለሁ፣ ከዚያ...»

«ቆይ። የምን ቀን?»

«የኮምፒውተሩን ነዋ። የመቁረጫው ፕሮግራም ፈቃዱ ካለቀ ቆይቷል፤ የሚያድስልን ደግሞ የለም። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ሁልጊዜ ዘጠኝ ዓመት ወደኋላ ነው የምናኖረው። የዛሬውን ቀን ካየ ፕሮግራሙ ይቆለፋል። ባትሪው ስለደከመ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ባደረ ቁጥር ቀኑ ይጠፋዋል፤ ጠዋት ጠዋት እናስገባለታለን። እኔ ስቀር ባለቤቱ ራሳቸው ያስገባሉ። እዚህ ቤት አንድ ጠዋት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።»

መርማሪዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «ይህን ለሳጅኑ ነግረሽዋል?»

«አልጠየቀኝማ።»

የአማካሪው ቢሮ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ካለ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወፍራም ጥራዝ ብቻ ተቀምጧል። ካርዱን በሁለት ጣቱ ሰጣትና ወንበር አሳያት።

«ሰማንያ ገጽ ነው» አለ ጥራዙን እየደባበሰ። «ማሽኑ አጠገብ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጬ ያጠናሁት ነው። አሮጌ ሲስተም አሮጌ ነው፤ አዲስ ሶፍትዌር አይሸከምም። ለሟቹም ይህንኑ ነግሬው ነበር። ሳይቀበለው ቀረ፤ ያሳዝናል።»

«ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገሩት መቼ ነው?»

«ወር አልፎናል።»

«እሁድ ከሰዓት በኋላስ የት ነበሩ?»

«ቤቴ፣ ብቻዬን። ዘገባውን ሳነብ።»

«የራስዎን ዘገባ?»

«አዎን።»

«ሌላ የሚያነበው ከጠፋ ደግ አደረጉ» አለችና ተነሣች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ማሽኑ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ባለቤቱ ሰዓቱን ያያል። ቆራጯና እህቱ ግድግዳውን ተደግፈዋል። አማካሪው ጥራዙን ይዞ መጥቷል፤ ለቀብር እንኳ ይዞት ሳይሄድ አልቀረም። ሳጅኑ በሩ ላይ ቆሟል፤ ቅጹ አሁንም ኪሱ ውስጥ ነው።

«ኮምፒውተሩ ውስጥ የነበረው ሁሉ ተቀድቶ ተቀምጧል» አለች መርማሪዋ። «ስለዚህ ብትነኩትም አይጎዳም። አሁን ልክ እሁድ እንደነበረበት ነው። ማሽኑን አስነሡልኝ። ባለሙያው ይቅደሙ።»

አማካሪው ኮቱን ሰብስቦ ተቀመጠ። የመቁረጫውን ፕሮግራም ከፈተ፤ ሳጥኑ ብቅ አለ። ዘጋው፣ ከፈተው፤ ያው ሳጥን። ኮምፒውተሩን ከነአካቴው አጥፍቶ አበራው። አምስት ደቂቃ ሙሉ የተቆለፈ በር እንደሚገፋ ሰው ያንኑ ቁልፍ ሲጫን ቆየ። በመጨረሻ ዞር ብሎ በድል አድራጊ ድምፅ፣ «እንዳልኳችሁ ነው፤ አይሠራም» አለ።

«ባለቤቱ ይሞክሩ።»

ባለቤቱ ሳይቀመጥ ጎንበስ አለና የስክሪኑን ጥግ አየ። «ማነው ቀኑን እንዲህ ያደረገው?» አለ። ዘጠኝ ዓመት ወደኋላ መለሰው፤ ማሽኑ አጉረመረመና ተነሣ።

አማካሪው አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ ባለቤቱን አየ። ምን እንደታየበት የገባው ከሁሉም መጨረሻ ነው።

«ነገሩ እንዲህ ነው» አለች መርማሪዋ። «ደብዳቤው አልቻልኩም ይላል። ቅዳሜ ግን ችሏል፤ ቆራጯ መስታወት ቆርጣበታለች። የተሳካለት ሰው አልተሳካልኝም ብሎ አይሞትም። ስለዚህ የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ ሥራው ከንቱ ሆኖ እንዲቀር የሚፈልግ ሰው።»

ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠረገ። ማንም አላየውም።

«ኮምፒውተሩ የተደረገበትን ሁሉ ይመዘግባል። እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ አንድ ሰው ቀኑን ወደ ትክክለኛው ለወጠ። በአምስት ደቂቃው ደብዳቤው ተጻፈ። ገዳዩ ደብዳቤውን ሊጽፍ ሲቀመጥ ቀኑ ዘጠኝ ዓመት ወደኋላ ሆኖ አገኘውና ስህተት መሰለው። የሟች ኑዛዜ ያረጀ እንዳይመስል አስተካከለው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። ጠጋኙ በዚህ ኮምፒውተር የጻፈው ነገር ሁሉ ዘጠኝ ዓመት ወደኋላ የተመዘገበ ነው፤ ደብዳቤውም የእሱ ቢሆን እንደዚያው በሆነ ነበር። ባለቤቱም ቆራጯም ይህን ያውቃሉ፤ ቢዋሹ እንኳ በወደኋላው ቀን ነበር የሚዋሹት።»

«ቀን ማንም ሰው ሊያስተካክል ይችላል» አለ አማካሪው።

«ይችላል፤ እዚህ ቤት አንድ ጠዋት ያልሠራ ማንም ሰው» አለች። «እርስዎ» ማለቱን እዚያው ላይ ተወችው። «አንተ ግን ሁለት ሳምንት ከጠዋት ጀምሮ ተቀመጥኩ ብለኸኛል። ቀን ሲመለስ ስንቴ አየህ?»

«የመጡት አንድ ቀን ነው» አለች ቆራጯ። «ያውም ከሰዓት በኋላ። በሩ ላይ ቆመው ፎቶ አንሥተው ሄዱ።»

«ታዲያ ሰማንያ ገጽ ሙሉ ምን ጻፈበት?» አለ ባለቤቱ። ከግድያው ይልቅ ያስቆጣው እሱ ነበር።

«ቅዳሜ ጠጋኙ ሁለት ሰው ዘንድ ደውሏል» ስትል መርማሪዋ ቀጠለች። «አንደኛዋ እህቱ ናት። ሁለተኛው አንተ ነህ፤ ስድስት ደቂቃ አውርታችኋል። ለእኔ ወር አልፎናል አልከኝ። እሁድ ና ላሳይህ አለህ፤ መጣህ፤ በሩን ራሱ ከፈተልህ። ሲሠራ በዓይንህ አየህ። ሰኞ ዘገባህን ይዘህ ባለሱቆቹ ፊት ስትቆም ምን እንደምትመስል ገባህ። ኬሚካሉ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ እሱ ጀርባውን ሰጥቶህ ነበር። ሰው ለርስት ይገድላል፣ ለቅናት ይገድላል፤ እንዳይሳቅበት ብሎ የገደለ ሳይ አንተ የመጀመሪያዬ ነህ።»

እህቱ ወደ ሳጅኑ ዞረችና፣ «ወረቀቱስ?» አለችው። ሳጅኑ ቅጹን ከኪሱ አውጥቶ ሁለት ቦታ ቀደደው፤ አዲስ ቅጽ ዘረጋና መጻፍ ጀመረ።

«አሁንስ ቀስ ብለህ» አለችው መርማሪዋ።

አማካሪው ጥራዙን ደረቱ ላይ እንደያዘ ነው። «የዘገባው መሠረተ ሐሳብ ግን ስህተት የለበትም» አለ። ባለቤቱ ፊቱን ወደ ማሽኑ አዞረ። ይህ አማካሪውን ከክሱ ይልቅ አሳመመውና ድምፁን ከፍ አደረገ። «እሱ ነው ያመጣው። አርፎ ቢቀመጥ ምን ነበረበት? ሻይ ቀድቶ፣ ወንበር ስቦ፣ ‹ና ቁጭ ብለህ እይ› ይለኛል፤ እንደ ተማሪ። ሊስቅብኝ ነው የጠራኝ።»

እህቱ ከግድግዳው ተነሥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። አላለቀሰችም።

«ሊስቅብህ ቢፈልግማ ሰኞን ይጠብቅ ነበር» አለችው። «የጠራህ እስከዚያ ወረቀትህን እንድታቀና ነው።»

ሳጅኑ ጥራዙን ከአማካሪው እጅ ወስዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ክንዱን ይዞ አስወጣው።