በመስኮቱ በኩል ያለችው ወንበር

የቋንቋ መምህርቷ ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብድግ ስትል ነው ያረፈደችው። የሳይንስ መምህሩ ዝውውር ደርሶት ነገ ይሄዳል። እሷ ደግሞ ይኸው ስንት ጊዜ አጠገቡ ተቀምጣ ስትወደው አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ለልጆቹ ማነጻጸር ለማስተማር ሁለት ገላጭ ምንባቦች ያስፈልጓት ነበር። ትናንት «አንተም እኔም የመምህራን ክፍሉን እንግለጽ» ብላው ነበር። ዛሬ በመማሪያ ክፍሏ በር ላይ ወረቀቱን አቀብሏት እብስ አለ። እሷም ሳታነበው ከራሷ ጽሑፍ ጋር ጮክ ብላ እንድታነብ ለአንዲት ተማሪ ሰጠቻት።

መጀመሪያ የመምህርቷ ተነበበ፦ ጠረጴዛው፣ መደርደሪያው፣ ሲጢጥ የሚለው በር። ልጆቹ አዛጉ። ቀጥሎ የእሱ።

«በመስኮቱ በኩል አንዲት ወንበር አለች። የምትቀመጥባት ሰው ስትስቅ ጠመኔ የነካ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች፤ አፍንጫዋ ነጭ ይሆናል። እሷ የቀረች ቀን ክፍሉ ይጨንቃል።»

የመምህርቷ እጅ ሳታዘው አፍንጫዋን ጠረገ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ዝም በሉ። አንድነታቸው ምንድን ነው?»

«ሁለቱም ስለ አንድ ክፍል ነው» አለ አንዱ።

«ልዩነታቸውስ?»

ያነበበችው ልጅ እጇን አወጣች። «የእርስዎ ስለ ክፍሉ ሲሆን የእሳቸው ግን ስለ እርስዎ ነው።»

የማነጻጸሪያ ቃላቱ፣ «ሲሆን»ም «ግን»ም፣ ቦታቸውን ይዘዋል። ምኑን ታርማት?

በእረፍት ሰዓት የመምህራን ክፍሉ ስትደርስ እሱ መጽሐፎቹን ካርቶን ውስጥ እየከተተ ነበር።

«እኔ ስለ ክፍሉ ጻፍ ነው ያልኩህ።»

«ስለ ክፍሉ ነው የጻፍኩት» አለ ቀና ሳይል። «ሌላ ነገር አይቼበት አላውቅም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ለጎመህ?»

«ታጭታለች አሉኝ። ዝውውሩንም የጠየቅኩት ለዚሁ ነው፤ ቀለበትሽን ቆሜ ማየት አልቻልኩም።»

«የታጨችው እህቴ ናት፣ አንተ ሞኝ።»

እጁ ካርቶኑ ላይ ቀረ። ከዚያ ፊቱ ጨለመ። «አሁን ዝውውሩን ሰርዙልኝ ብል እንኳ ቢሮው አይሰማኝም። ነገ መሄዴ ነው።»

እሷም ታውቃለች። ልታለቅስ ምንም አልቀራትም፤ ግን ጠጋ ብላ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት።

«ሂድ። ስትደርስ ግን ለሚጠይቅህ ሁሉ አጭቻለሁ በል።»

«እሷ እሺ ብላለች?» አለ።

«እሺ ብላለች።»

ደወሉ ተደወለ። ሁለቱም ክፍለ ጊዜ ነበራቸው፤ ሁለቱም ንቅንቅ አላሉም።