«አልፎ አልፎ ትረዳቸዋለች»

«‹ልጃቸው አልፎ አልፎ ትረዳቸዋለች› ይላል እኮ!» ቴጋን ደብዳቤውን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ወረወረችው። ስታነበው አሥረኛ ጊዜዋ ነው፤ ሁልጊዜም እዚያው መስመር ላይ ትቆማለች።

አባቷ ክላይቭ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ በመስኮቱ ወደ ወደቡ ያያል። «ምን ይበሉ ታዲያ? አንቺው አይደለሽ እንዴ ያልሻቸው?»

እውነቱን ነው። ያለችው እሷው ናት፤ የሚያንገበግባትም ይኸው ነው።

የማዘጋጃ ቤቱ ገምጋሚ ከወር በፊት የመጣችው ክላይቭ ምን ያህል እርዳታ እንደሚያስፈልገው አይታ ልትወስን ነበር። አባትና ልጅ ግን የክብር እንግዳ እንደሚመጣባቸው ሁሉ ቤቱን ሲያሰማምሩ አረፈዱ። ቴጋን ምንጣፉን ጠረገች፤ የአባቷን ጢም ላጨችለት፤ ለሠርግ የሚለብሰውን ሸሚዝ አልብሳ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈችለት። የመጸዳጃ ወንበሩን ደረጃው ሥር ደብቀው የጠረጴዛ ልብስ ጣል አደረጉበት፤ ክላይቭ ደግሞ አበባም ይቀመጥበት አለ። በእነሱ ሰፈር እንግዳ ገመና አያይም። «እንዴት ነህ?» ለሚል ሰው መልሱ «ምንም አልል» ነው፤ እግሩ የተቆረጠም ቢሆን እንዲሁ ነው የሚመልሰው።

ሴትየዋ በደህናው ስኒ ሻይዋን ጠጣች፤ ኬክ ቀረበላት።

«ሻይ ራስዎ ያፈላሉ?»

«ምን ያቅተኛል?»

«ልብስስ?»

«ይኸው ለብሼ የለም እንዴ?»

ከዚያ ወደ ቴጋን ዞረች። «አንቺስ፣ ታግዣቸዋለሽ?»

ክላይቭ ከሴትየዋ ጀርባ ሆኖ ልጁን አያት። ዓይኑ ይለምናል። ያ ሃያ ዓመት የዓሣ ገበያው ላይ ቢላዋ የጨበጠ፣ ዓሣ በመበለት የሚፎካከረው ያልነበረ ሰው እንግዳ ፊት እንዳታዋርደው ልጁን እየለመነ ነበር።

«አልፎ አልፎ» አለች ቴጋን።

መጨረሻ ላይ ፊርማ መጣ። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ለትምህርት ቤት ወረቀት ሁሉ እንደምታደርገው ክርኑን ከሥር ደገፍ አደረገችለት፤ ስሙ ቀጥ ብሎ ወጣ። ገምጋሚዋ ፈገግ ብላ ወረቀቷን ሰበሰበች።

እናም ባለፈው ሳምንት፣ ጠዋትና ቀን እየመጣች የምትረዳው የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ ሊኔት መምጣቷ ቀረ። «ራሱን ችሏል» ተባለ። ቅሬታ ካለ እስከ ሰኞ ይቅረብ ይላል ደብዳቤው። ዛሬ ቅዳሜ ነው።

ጎረቤታቸው አክስት ሞሪን ባዶ የቅሬታ ቅጽ ይዛ ገባች። ለባሏ ሁለት ጊዜ ጽፋለች፤ መንገዱን ታውቀዋለች።

«ስሚ ቴጋን፣ ደህናውን ቀን እንዳትጽፊላቸው። የከፋውን ቀን ነው የምትጽፊው።»

«እኛ ሰው ፊት አናላዝንም» አለ ክላይቭ።

«አንተማ ስትሞትም ‹ትንሽ ደክሞኝ ነው› ነው የምትለው! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ክላይቭ።»

«አንቺ ደግሞ ነገር ታካብጃለሽ።»

«ላካብድ! ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት» አለችና ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች።

የከፋው ቀን የቱ እንደሆነ ቴጋን ማሰብ አላስፈለጋትም። ያለፈው ማክሰኞ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷን መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ወድቆ አገኘችው። ሱሪው ርሷል፤ ከንፈሩ በብርድ ጠቁሯል። «የወለሉን ስንጥቆች እየቆጠርኩ ነበር» አላት። ልትስቅለት ሞክራ አቃታት። ስታጥበው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ድምፅ አላሰማም፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲያለቅስ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። «ለማንም እንዳትነግሪ፣ የኔ ጫጩት» አላት፤ እሷም እሺ አለችው።

አሁን ያንን እሺታዋን ልታፈርስ ነው። ካላፈረሰችው ደግሞ ከሰኞ በኋላ፣ እሷ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሳለ፣ አባቷ ብቻውን ይወድቃል። እስክሪብቶውን አነሳችና አጎንብሳ ጻፈች። ስትጨርስ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችለት፤ ሳያውቅ ልታደርገው አልፈለገችም።

«ማክሰኞ ዕለት አባቴ መታጠቢያ ቤት ወድቆ አምስት ሰዓት ሙሉ ወለል ላይ ቆየ። መነሳት አልቻለም። ልብሱ ላይ ሸንቶ ነበር። ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ነኝ፤ የማጥበውም እኔ ነኝ። በየቀኑ ነው። አልፎ አልፎ ያልኩት ውሸት ነበር። ይቅርታ።»

ቴጋን ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም። ይቆጣኛል፣ ቅጹን ቅደጂው ይለኛል ብላ ጠበቀች።

«አምስት አይደለም» አለ ክላይቭ።

«ምኑ?»

«ሰዓቱ። ሰባት ነው።»

«ረፋዱ ላይ ነው የወደቅኩት አላልከኝም?»

«ብዬሻለሁ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «አንቺ ስትወጪ ወድቄ ነበር። ‹ቻው አባዬ› ስትይ ሰምቼሻለሁ።»

ቴጋን ትዝ አላት። ጫማዋን እያሰረች ተጣራች፤ እሱም ከመታጠቢያ ቤት «ቻው የኔ ጫጩት፣ ይቅናሽ!» ብሎ መለሰላት። ድምፁ ደህና ነበር። ለካ ወለል ላይ ተጋድሞ ነው።

«ለምን አልጠራኸኝም?»

«የሒሳብ ፈተና ነበረብሽ።»

እንባዋ ቅጹን እንዳያረጥበው ወረቀቱን ገፋ አድርጋ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ክላይቭ እጁን ወደ ፀጉሯ ላከ፤ እጁ ግን መንገድ ላይ እየተንቀጠቀጠ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። እዚያው ተወው።

ሲወጣላት በእጅጌዋ ፊቷን ጠረገች። አምስትን ሰርዛ ሰባት አለች። ከዚያ ቅጹን ፊቱ አድርጋ እስክሪብቶውን ጣቶቹ መሃል አስገባችለት፤ እጇም በልማድ ክርኑ ሥር ገባ።

ክላይቭ መደገፏን ጠበቀ። ቴጋን ግን ቀስ ብላ እጇን ሳበችና ጭኖቿ ላይ አስቀመጠችው።

አባቷ አያት። ገብቶታል። አጎንብሶ ጀመረ። የመጀመሪያው ፊደል ተንጋደደ፤ ሁለተኛው ከመስመሩ ወርዶ ወረቀቱን ሊቀድ ደረሰ፤ የቀረው ተጠማዞ ጠርዙ ጋ ቆመ። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ሲጨርስ ግንባሩን አልቦታል።

«ሌላ ቅጽ ካለ...» አለ ፊርማውን እያየ።

«ሌላ የለም፣ አባዬ» አለችው።

ወረቀቱን እንዳለ አጠፈችና ፖስታው ውስጥ ከተተችው።